ከማጀት ይጀመር፦ የከተማ ቤተሰብ የጋዝ ልቀቱን የሚቀንስበት መንገድ

የአየር ንብረት ለውጥን ለመግታት «እኔ ምን ላድርግ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው የሚያገኘው ምክር አብዛኛውን ጊዜ ለሌላ አገር ቤት የተጻፈ ነው። አውሮፕላን አታብዙ፣ የቤት ማሞቂያችሁን ዝቅ አድርጉ፣ ሥጋ ቀንሱ ይላል። አዲስ አበባ፣ አዳማ ወይም ባሕር ዳር ላለ ቤተሰብ ይህ ምክር ብዙ አይረዳውም። ቤቱ ማሞቂያ የለውም፤ አውሮፕላን የሚሳፈረው ከስንት አንዴ ነው፤ ጿሚ ከሆነማ የዓመቱን ግማሽ ያህል ከሥጋና ከወተት ርቆ ነው የሚያሳልፈው። የእኛ ቤት ትልቁ ልቀት ያለው ማጀት ውስጥ፣ ከሰሉና ማገዶው ላይ ነው።

ይህ ለእኛ ዕድልም ነው። አገራችን የምታመነጨው የኤሌክትሪክ ኃይል ከሞላ ጎደል ከውኃና ከነፋስ ይገኛል። ጊቤ 3፣ ተከዜ፣ በለስ፣ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የሕዳሴ ግድብ፣ የአዳማና የአሸጎዳ የነፋስ ተርባይኖች ነዳጅ አያቃጥሉም። በሌላ አገር ምድጃን ወደ ኤሌክትሪክ መቀየር እሳቱን ከቤት አውጥቶ የድንጋይ ከሰል ወደሚነድበት ማመንጫ መውሰድ ሊሆን ይችላል። እዚህ ግን እሳቱን እስከ መጨረሻው ማጥፋት ነው።

«ኢትዮጵያ ከዓለም ልቀት ከ1 በመቶ በታች ይዛ እኛ ለምን እንጨነቃለን?» የሚል አንባቢ እውነት አለው። ከባዱ ዕዳ የበለጸጉትና ብዙ የሚያቃጥሉት አገሮች ነው። ከዚህ በታች ያሉትን እርምጃዎች የምመክረው ግን ሌላም ምክንያት ስላለኝ ነው፤ ጭሱ የሚገባው በእናቶቻችን ሳንባ፣ የሚቆረጠውም የራሳችን ግራር ነው።

አንደኛ፦ ለአንድ ወር ይመዝግቡ

ማንኛውንም ነገር ከመግዛትዎ በፊት ደብተር ይክፈቱ። ከደመወዝ እስከ ደመወዝ ባለው ጊዜ ውስጥ ስንት ኪሎ ከሰል፣ ስንት እስር እንጨት፣ ስንት ሲሊንደር ቡታ ጋዝ፣ ስንት ኪሎ ዋት ሰዓት ኤሌክትሪክ እና መኪና ካለዎት ስንት ሊትር ነዳጅ እንደተጠቀሙ ይጻፉ። ከሰል በማዳበሪያ ሲገዛ ክብደቱ ይለያያል፤ ስለዚህ ይመዝኑት። ማጀት የምትውለው ሴት፣ ባለቤትዎም ትሁን እናትዎ ወይም የቤት ሠራተኛዋ፣ ከዚህ መዝገብ መነጠል የለባትም። የትኛው ምግብ ስንት ፍም እንደሚፈጅ ከእርሷ የተሻለ የሚያውቅ የለም፤ የሚገዛውን ዕቃም መጀመሪያ የምትመርጠው እርሷ ብትሆን ይመረጣል።

ከዚያ ሒሳቡን ይሥሩ። አንድ ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል 2.3 ኪሎ፣ አንድ ሊትር ናፍጣ 2.7 ኪሎ ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣዋል። አንድ ኪሎ ቡታ ጋዝ 3 ኪሎ ያህል ይለቃል። የከሰሉ ሒሳብ ግን ፍሙ ላይ ብቻ አያልቅም። አክሳዮች እንጨቱን ከምረው፣ በሣርና በአፈር ሸፍነው ቀስ እያለ እንዲነድ ሲያደርጉት አብዛኛው ክብደቱ በጭስ ይሄዳል፤ በባህላዊው አሠራር አንድ ኪሎ ከሰል ለማግኘት በግምት 6 ኪሎ እንጨት ይጠፋል። በወር 30 ኪሎ ከሰል የሚያነድ ቤት በዓመት 360 ኪሎ ከሰል፣ ማለትም ከ2 ቶን በላይ እንጨት ይፈጃል። የደረቅ እንጨት ግማሽ ክብደት ካርቦን ነው። ዛፉ ካልተተካ ይህ ቤት በዓመት ወደ 4 ቶን የሚጠጋ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወደ አየር ይለቃል። ያው መጠን ከቤንዚን እንዲገኝ 1,700 ሊትር ገደማ ማቃጠል ይጠይቃል። መኪና የሌለው ቤተሰብ ሳያውቀው ባለመኪና ሆኗል ማለት ነው።

«ዛፉ ካልተተካ» ያልኩት አስቤበት ነው። በአዊ ዞን ፋግታ ለኮማ ወረዳ ገበሬዎች ዲከረንስ የሚባለውን የግራር ዝርያ ራሳቸው ይተክላሉ፤ በአራት በአምስት ዓመቱ ቆርጠው ያከስሉታል፣ መሬቱንም እያፈራረቁ ያርሱታል። ከዚያ የመጣ ከሰልና ከስምጥ ሸለቆ የተፈጥሮ ግራር ተጨፍጭፎ የመጣ ከሰል እኩል ጉዳት የላቸውም። ችግሩ ከሰፈር ነጋዴው ማዳበሪያ ላይ ይህን ለይቶ ማወቅ ከባድ መሆኑ ነው። አስተማማኙ መንገድ ፍጆታውን መቀነስ ነው።

ሁለተኛ፦ እንጀራውን ከእንጨት ያላቁ

ለማብሰያ ከሚውለው የቤት ማገዶ ትልቁን ድርሻ የሚወስደው እንጀራ መጋገር ነው። ስለዚህ አንድ ለውጥ ብቻ ማድረግ ከቻሉ ይህን ያድርጉ።

የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3.5 እስከ 4 ኪሎ ዋት ይስባል። 4 ኪሎ ዋት በ220 ቮልት ሲካፈል 18 አምፔር ይሆናል። ይህ ከመኝታ ቤት ሶኬት ወይም ከዲቫይደር የሚወሰድ ጉልበት አይደለም፤ ብዙ የቤት ቃጠሎ የሚነሣው ከዚህ ነው። ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ይጥሩና ከቆጣሪው ሳጥን ለምጣዱ ብቻ የሚሄድ 4 ካሬ ሚሊ ሜትር የመዳብ ገመድ፣ የራሱ 25 አምፔር ብሬከር እና ኧርዝ እንዲያስገባልዎ ያድርጉ። ቆጣሪዎ ይህን ያህል ጭነት መሸከሙን አስቀድሞ ይመርምርልዎ። ለዚህ የሚወጣው ገንዘብ ከምጣዱ ዋጋ ጋር ተደምሮ ሊከብድ ይችላል፤ ግን አይዝለሉት።

ምጣድ ሲገዙ የሚያዩት ሦስት ነገር ነው፦ የሸክላው ውፍረት፣ ከሥሩና ከጎኑ ሙቀት እንዳያመልጥ መሸፈኑ፣ ክዳኑ ገጥሞ መዝጋቱ። ሸክላው ወፍራም ከሆነ እስኪግል ብዙ ኃይል ይበላል፤ ቀጭኑ ቶሎ ይግላል፣ ግን በጥንቃቄ መያዝን ይፈልጋል። ከሥሩ ያልተሸፈነ ምጣድ ወለሉን ሲያሞቅ ይውላል።

አጋገሩም ለውጥ ያመጣል። ሊጡን ሰብሰብ አድርገው በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ብቻ ይጋግሩ፤ ምጣዱ አንዴ ከጋለ ሳያቋርጡ ይጨርሱ፤ ማሰሻውን፣ ሰፌዱንና ሊጡን አጠገብዎ አሰናድተው ይጀምሩ። በየመሐሉ የሚባክን ጊዜ ሁሉ ምጣዱ ባዶውን የሚግልበት ጊዜ ነው። የመጨረሻውን እንጀራ ምጣዱን አጥፍተው በቀረው ሙቀት ያብስሉት፤ የተረፈው ሙቀት ቆሎ ለማመስ ይበቃል። ሁለት ሰዓት ያህል የፈጀ ጋገራ 7 ወይም 8 ኪሎ ዋት ሰዓት ይጠቀማል። የኤሌክትሪክ ታሪፉ ፍጆታ በጨመረ ቁጥር ደረጃ በደረጃ ስለሚወደድ ይህን መቆጠብ ኪስም ይጠብቃል። ከምሽቱ 12 እስከ 4 ሰዓት ከተማው ሁሉ መብራትና ምድጃ የሚያበራበት ጊዜ ስለሆነ ጋገራውን ወደ ማለዳ ወይም ወደ ቀን ያዙሩት፤ ኃይሉም ያኔ የተሻለ ይሆናል።

መስመር ያልደረሰበት ወይም ኃይሉ የማይበረታበት ሰፈር ከሆነ «ምርጥ» የሚባለውን የእንጨት ምድጃ ይምረጡ። ከሲሚንቶና ከእሳተ ገሞራ አሸዋ ተሠርቶ በቁርጥራጭ የሚገጣጠም ነው፤ ከክፍቱ ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር እንጨትን በግማሽ ያህል ይቆጥባል፣ ከኋላው በሚወጣው ሙቀትም ድስት ይጣዳል። ከግድግዳ ጥግ ሳይሆን ጭስ በሚወጣበት መስኮት አጠገብ ይትከሉት፣ ክፍተቶቹን በጭቃ ይምረጉ። የተሰነጠቀና ያልተመረገ ምርጥ ምድጃ ከጉልቻ ብዙ አይሻልም።

ተከራይ ለሆነ ሰው ትልቁ እንቅፋት «ምጣድ አይሰካም» የሚለው የአከራይ ቃል ነው። አከራዩ የሚፈራው ሁለት ነገር ነው፤ የቆጣሪውን ሒሳብና ቃጠሎውን። ሁለቱንም ይዘው ይቅረቡ፦ ለምጣዱ የሚሄደው መስመር ላይ የራስዎን ቆጣሪ እንደሚያስገጥሙ፣ ገመዱን በባለሙያ እንደሚያዘረጉ፣ ሲለቁም እንደሚተዉለት ይንገሩት። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ከሆኑ የጋራ መገልገያ ሕንፃው ላይ በኮሚቴው በኩል መነጋገር ይቻላል። ሁለቱም ካልሆኑ በኤሌክትሪክ ከሚጋግር እንጀራ ሻጭ መግዛት ራሱ ልቀት መቀነስ ነው፤ ሲገዙ በምን እንደሚጋገር ይጠይቁ።

ሦስተኛ፦ ከሰልን ለቡና ብቻ ይተዉ

ወጥ፣ ሻይና የገላ ውኃ ከከሰል ላይ ይውረዱ። የቡናውን ፍም አልነካም። ለረከቦቱና ለዕጣኑ የሚሄደው ከሰል ከወሩ ጋር ሲተያይ ጥቂት ነው፤ ቤተሰቡም ያንን ከተነጠቀ የቀረውን ለውጥ በሙሉ ልብ አይቀበለውም። ለቡናው ውስጡ ሸክላ የሆነውን ላቀች ምድጃ ይጠቀሙ፤ ከቆርቆሮው ምድጃ ሩብ ያህል ከሰል ያተርፋል።

ለወጡ አንድ የኤሌክትሪክ ስቶቭና ፕሬሸር ኩከር ይበቃሉ። ሽንብራውን፣ ባቄላውንና ምስሩን ከማታ ይዘፍዝፉ። ከሁሉ በላይ ጊዜና እሳት የሚበላው ሽንኩርት ማቁላላት ነው፤ ስለዚህ ቁሌቱን የሳምንቱን በአንድ ጊዜ ሠርተው ማቀዝቀዣ ውስጥ ያስቀምጡ። ከዚያ በኋላ የዕለቱ ወጥ ሃያ ደቂቃም አይፈጅም።

መብራት ሲጠፋስ? እዚህ ላይ ብዙ ሰው «ቡታ ጋዝ ነዳጅ አይደለም እንዴ?» ብሎ ወደ ከሰል ይመለሳል። ጋዙ ነዳጅ መሆኑ እውነት ነው። ሆኖም አንድ ኪሎ ቡታ ጋዝ 3 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲለቅ፣ ለአንድ ኪሎ ከሰል የጠፋው 6 ኪሎ እንጨት ካልተተካ 11 ኪሎ ያህል ይለቃል፤ ኪሎ ለኪሎ ደግሞ ጋዙ ከከሰሉ እጥፍ በላይ ያበስላል። ለመጠባበቂያ ቡታ ጋዝ ይያዙ፤ ለዚህ ምንም አይሸማቀቁ።

ለክረምቱ አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። የከሰል ፍም በተዘጋ ክፍል ውስጥ አስገብቶ መተኛት ይገድላል። የሚገድለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፤ ጭሱ ስለጠፋ አደጋው ጠፋ ማለት አይደለም።

አራተኛ፦ የማጀቱን ጥራጊ አየር ያስነኩ

የድንች ልጣጭ፣ የጎመን ግንድና የቡና አተላ ከፌስታል ጋር ተጠቅልሎ ቆሻሻ ክምር ሥር ሲገባ አየር ሳያገኝ ይበሰብስና ሜቴን ይለቃል። ሜቴን በመቶ ዓመት ሲሰላ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 28 እጥፍ፣ በሃያ ዓመት ሲሰላ 80 እጥፍ ያህል ያሞቃል። ከአየር ላይ የሚጠፋው ግን በአሥራ ሁለት ዓመት ገደማ ነው፤ ስለዚህ ዛሬ የተቀነሰ ሜቴን ውጤቱ በእኛው ዕድሜ ይታያል። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. በአዲስ አበባ፣ ቆሼ የተናደው የቆሻሻ ክምር ከ110 በላይ ሰዎችን ቀብሯል። እዚያ ክምር ላይ ለዓመታት ሲጫን ከነበረው ብዙው ወደ አፈር መመለስ የሚችል ጥራጊ ነበር።

ግቢ ያለው ሰው ጉድጓድ ቆፍሮ ይጀምር። ፎቅ ላይ ያለ ሰው 20 ሊትር ባልዲ ወስዶ ሥሩንና ጎኑን ይብሳ፣ ከሥሩ ሳህን ያድርግ። አንድ እፍኝ እርጥብ ጥራጊ በጣሉ ቁጥር ሁለት እፍኝ ደረቅ ነገር ይጨምሩ፦ ደረቅ ቅጠል፣ የተቀደደ ካርቶን፣ ከአናጺ ቤት በነጻ የሚገኝ ሰጋቱራ፣ የደረቀ የጫት ገረባ። ሥጋ፣ አጥንትና ቅባት አያስገቡ። በሳምንት አንድ ጊዜ ያገላብጡት። እርጥበቱ ታጥቦ እንደተጨመቀ ጨርቅ መሆን አለበት። ከሸተተ አየር አጥሯል፤ ሰጋቱራ ጨምረው ያገላብጡ። ከሦስት ወር በኋላ፣ በክረምት ብርድ ደግሞ ትንሽ ቆይቶ፣ ለጎመኑና ለጤና አዳሙ ጣሳ የሚሆን ጥቁር አፈር ያገኛሉ። በግና ፍየል ያለው ጎረቤት ካለ ልጣጩንና ገረባውን ለእሱ መስጠት ከዚህም ይቀላል።

ከብት ያላችሁ

ሱሉልታ፣ ሰበታ ወይም ቢሾፍቱ ላይ ላም የምታረቡ አንባቢዎች እርምጃችሁ ከሁሉም ይከብዳል፤ በ2004 ዓ.ም. የወጣው የአገሪቱ የአረንጓዴ ኢኮኖሚ ስትራቴጂ ከ85 በመቶ በላይ ልቀታችን ከግብርናና ከደን እንደሚመጣ አስልቷል፤ ከዚያም ውስጥ የከብት ድርሻ ትልቅ ነው። አራት ከብት ያለው ሰው 6 ሜትር ኩብ የባዮጋዝ ጉድጓድ መሥራት ይችላል። አገራችን ውስጥ በብዛት የተሠራው ስንዱ የሚባለው ዓይነት ከድንጋይና ከሲሚንቶ የሚታነጽ ነው። በየቀኑ 40 ኪሎ ያህል እበት ከእኩል ውኃ ጋር ተበጥብጦ ይገባበታል፤ ጋዙ ወጥ ያበስላል፣ ዝቃጩ ለማሳ ይሄዳል። ኩበት ሆኖ ሲነድ የነበረው ማዳበሪያ ወደ አፈሩ ይመለሳል ማለት ነው። ቱቦውንና መክፈቻውን በየወሩ በሳሙና አረፋ እየፈተሹ ፍሳሽ ይፈልጉ፤ አምልጦ የሚወጣ ሜቴን የደከማችሁበትን ሁሉ ይበላል። የተረፈ ጋዝ ካለም ያቃጥሉት እንጂ አይልቀቁት።

የላሟን የራሷን ሜቴን የሚቀንሰው መኖዋ ነው። በዩሪያ የታከመ ገለባ፣ ዝሆን ሣርና አልፋልፋ የምታገኝ አንዲት ጥሩ ላም፣ ባዶ ገለባ ከሚያኝኩ ሦስት ላሞች የበለጠ ወተት ሰጥታ ያነሰ ጋዝ ትለቃለች።

አምስተኛ፦ መኪናና ፍሪጅ

ከጥር 2016 ዓ.ም. ወዲህ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሄዱ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከልክሏል። መኪና ለመግዛት ካሰቡ የኤሌክትሪኩ ልቀት በእኛ መስመር እጅግ ትንሽ ነው። ያለዎትን አሮጌ መኪና ለመቀየር ግን አይቸኩሉ፤ ጎማውን በልኩ ይንፉ፣ የአየር ማጣሪያውን ይቀይሩ፣ አብሮዎት ወደ ሥራ የሚሄድ ጎረቤት ይጫኑ። በመስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር በኤሌክትሪክ ይሄዳል፤ ሰፈርዎ ከደረሰ ይሳፈሩበት።

ፍሪጅ ላይ የሚነገረው ትንሽ ነው፣ ጉዳቱ ግን ትልቅ ነው። በብዙ ፍሪጆች ውስጥ ያለው አር 134ኤ የተባለ ጋዝ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ1,000 እጥፍ በላይ ያሞቃል። ጠጋኝ ሲመጣ ቱቦውን ቆርጦ ጋዙን አየር ላይ እንዳይለቀው፣ በመሣሪያ ሰብስቦ እንዲይዘው ይጠይቁ፤ የፈሰሰበትን ቦታ ሳይደፍን ጋዝ ብቻ የሚሞላ ከሆነ ሌላ ሰው ይፈልጉ። አዲስ ሲገዙ ጀርባው ላይ አር 600ኤ የሚል የተጻፈበትን ይምረጡ።

ስድስተኛ፦ ዛፍ ይትከሉ፣ ግን በዚህ ቅደም ተከተል

ዛፍን መጨረሻ ላይ ያመጣሁት ዋጋውን አሳንሼ አይደለም። አንድ ያደገ ዛፍ በዓመት በግምት 20 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይይዛል። ቀደም ብለን ያየነውን 4 ቶን ለመሸፈን 200 ያደጉ ዛፎች ያስፈልጋሉ። ከሰሉን እያነደዱ በክረምት አሥር ችግኝ መትከል ሒሳቡን አይዘጋውም።

ጉድጓዱን ከክረምቱ በፊት ግማሽ ሜትር ያህል ቆፍረው ያዘጋጁ፤ ዝናቡ ሲደላደል፣ በሐምሌ ይትከሉ። ፕላስቲኩን ቀደው ያውጡት፤ ከነፕላስቲኩ የተተከለ ችግኝ ሥሩ ታፍኖ ይሞታል። ዙሪያውን በሣር ይሸፍኑት፣ ከፍየል ይከልሉት፣ ቢያንስ ሁለት በጋ ያጠጡት። አጥጥቶ ለማሳደግ ከሚችሉት ቁጥር በላይ አይትከሉ። ገጠር ዘመድ ካለዎት ደግሞ የወላይታውን ሁምቦ ይንገሩት፦ በዚያ 2,700 ሄክታር ያህል የተራቆተ ተራራ የለመለመው በአብዛኛው በአዲስ ችግኝ ሳይሆን፣ መሬቱ ተከልሎ ከቀሩት ጉቶዎች ያቆጠቆጠው ተመርጦና ተገርዞ እንዲያድግ በመደረጉ ነው።

ሰባተኛ፦ ነገሩን ወደ ዕቁብና ወደ እድር ይውሰዱ

ብቻዎን ምጣድ መግዛት ከከበደዎ ዕቁብ ለዚህ የተመቸ ነው። አሥር ሴቶች በየወሩ እየጣሉ በየተራ አንድ አንድ ምጣድ ቢያወጡ በዓመት ውስጥ አሥር ቤት ከእንጨት ይላቀቃል፤ በብዛት ስለሚገዙም ከሠሪው ጋር ዋጋ ለመነጋገርና አንድ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ለሁሉም ለመያዝ ይችላሉ።

እድር ዘንድ ያለው ዕድል ከዚህም ይሰፋል። አንድ ሠርግ ወይም ተዝካር የሚፈጀው ማገዶ ቤተሰቡ ለወራት ካጠራቀመው ቁጠባ ይበልጣል። ድንኳኑን፣ አግዳሚውንና ብረት ድስቱን በጋራ የገዛ እድር ምጣድና ትልቅ የጋዝ ምድጃም በጋራ መግዛት ይችላል። እዚህ ላይ ጥንቃቄ የሚሻው ጭነቱ ነው፤ ሁለት ምጣድ በአንድ ጊዜ 36 አምፔር ስለሚስብ የአንድ መኖሪያ ቤት ቆጣሪ ላይችለው ይችላል። የድግሱን እንጀራ ዋዜማውን በአምስት በስድስት አባላት ቤት ማከፋፈልና እያንዳንዱ ቤት የወጣበትን የኤሌክትሪክ ሒሳብ ከእድሩ መክፈል ይሻላል። ለጠላውና ለትልቁ ድስት የጋዝ ምድጃው ይውጣ፤ መስመር በሌለበት መንደር በምትኩ ሦስት ምርጥ ምድጃዎች ይያዙ። ሐሳቡን በወርኃዊው ስብሰባ ከማንሣትዎ በፊት ሒሳብ ሹሙ ባለፉት ሦስት ድግሶች ለእንጨትና ለከሰል የወጣውን ገንዘብ እንዲያሰሉልዎ ይጠይቁ፤ የምጣዱንና የጋዝ ምድጃውን ዋጋ ከዚያ አጠገብ ጽፈው ለአባላቱ ያቅርቡ።